ቁልቁለት ላይ እግር ከፔዳል እንዳይዘል

ከባሕር ዳሩ ቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ለምትነዱ፦ የኋላ ሞላ የሌለው ማውንቴን ሳይክል ድንጋይ በመታ ቁጥር እግርን ከፔዳል ላይ ያነጥራል። ጫማ የሚቆልፍ ፔዳል (በልዩ ጫማ ስር የተገጠመውን ብረት የሚነክስ) እግርን ይይዛል። ስትገዙ ግን በመቆለፊያው ዙሪያ ሰፊ መርገጫ ያለውን ምረጡ፤ ጫማው በጥድፊያ ሳይገባ ቢቀር እንኳ የምትቆሙበት አላችሁ።

ዋናዋ ነገር መቆለፊያው ጫማውን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የምትወስነው ማጥበቂያ ብሎን ናት። ብዙዎቹ ላይ በ3 ሚሊሜትር ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ወደ ግራ ስትዞር ትላላለች። ቀጭ ቀጭ ስትል ቁጠሩ፤ በሁለቱም ፔዳል፣ መቆለፊያ ባለበት ፊት ሁሉ እኩል ይሁን። ያኔ ተረከዛችሁን ወደ ውጭ ገፋ ስታደርጉ እግር ወዲያው ይወጣል። መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፋችሁ 20 ጊዜ አስገቡ፣ አውጡ። በጣም ካላላችኋት ግን ጉብታ ላይ ራሷ ትለቃለች።

ክረምት ላይ ተራውን ፔዳል ግጠሙ። ጭቃው ጫማ ስር ይጠቀጠቅና መቆለፊያው አልይዝ ይላል።