የልምምድ ቶማሃውክ ከፕላስቲክ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቶማሃውክ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ትንሽ የእጅ መጥረቢያ ነው። ስለት ያለው ራሱ (ጭንቅላቱ) ቀድሞ ድንጋይ ነበር፤ ከአውሮፓ ነጋዴዎች ጋር መገበያየት ሲጀመር ብረት ሆነ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፒተር ላጋና የተባለ ሰው ቬትናም ለሚዘምቱ የአሜሪካ ወታደሮች አዲስ ዓይነት እየሠራ ይሸጥ ነበር። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ የማርሻል አርት አሰልጣኞች ከቢላና ከዱላ ጎን ለጎን ያስተምሩታል።

ብረቱን ይዞ ከሰው ጋር መለማመድ ግን አይታሰብም። የተዘጋጀ የፕላስቲክ ቶማሃውክ ገበያ ላይ አለ። ለአሥራ ሁለት ተማሪ ሁለት ሁለት እንግዛ ካላችሁ ግን ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ራሱ ይሠራዋል። ሥራው ከባድ አይደለም። የሚበላሸው ጥቂት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ላይ ሲበላሽ ደግሞ የሚጎዳው የሠራው ሰው ሳይሆን ከፊቱ የቆመው ተማሪ ነው።

ያገኙትን ፕላስቲክ መጠቀም

ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም። መስታወት የሚመስለው አክሪሊክ ሲመታ ይሰበራል፤ ስብርባሪውም ቆዳ ይቆርጣል። የሚፈለገው የወጥ ቤት መክተፊያ የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ነው፤ ኤችዲፒኢ የሚባለው። ሲመታ በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ ብርድም በቀላሉ አይሰብረውም። የሬስቶራንት ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ወፍራሙን ግዙ፤ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን። ስስ የሆነው ይለመጣል፤ ጠርዙም ስለሚቀጥን ሲያርፍ የበለጠ ያማል።

30 በ45 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መክተፊያ ሁለት ሙሉ ቶማሃውክ በቀላሉ ይወጣል። አንዱን ራሱን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች እያደረጋችሁ ስለቶቻቸውን ፊት ለፊት ብታደርጉ ሦስተኛም ይገኛል። ለዚህ መጀመሪያ ቅርጹን ወፍራም ካርቶን ላይ ቆርጣችሁ አውጡ። በዓይን ግምት የሚሠራ ሰው አንዱን ረጅም፣ አንዱን አጭር ያደርገዋል። ያኔ ተማሪዎች ጓደኛ በቀየሩ ቁጥር ርቀታቸው ይዛባል።

በችኮላ መቁረጥ

ፖሊኢትሊን 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል። ጥርሱ የደቀቀ ጂግሶ (ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የኤሌክትሪክ መጋዝ) በሙሉ ፍጥነት ሲሄድበት ምን እንደሚሆን ልብ ብላችሁ እዩ። መጋዙ ያልፋል፣ ከኋላው ያለው ፕላስቲክ ይለሰልሳል፣ የተቆረጠው መስመርም መልሶ ይጣበቃል። ጨረስኩ ብላችሁ ስታነሱት ሁለቱ ቁራጮች አብረው ይመጣሉ። መፍትሔው ጥርሱ ሰፋ ያለ የእንጨት መጋዝና ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። መክተፊያውን በሞርሳ አጥብቁ። መጋዙን አትግፉት፤ በራሱ ጊዜ ይብላ።

የመንጠቆውን ውስጥ ሹል ማዕዘን ማድረግ

የስለቱ የታችኛው ጫፍ ከዛቢያው ጋር የሚፈጥረው መንጠቆ የቶማሃውክ ግማሽ ትምህርት ነው። የሰው ክንድ የሚጎተተውም፣ መሣሪያ የሚነጠቀውም በእሱ ነው። አንዳንዱ ሰው መቁረጡ ሲያስቸግረው ይተወውና ስለቱን አራት ማዕዘን ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን ይዞ መማር ትርፉ ድካም ነው። ሌላው ደግሞ መንጠቆውን ይሠራና ውስጡን በሁለት ቀጥታ መስመር ይዘጋዋል። ስንጥቅ ቢመጣ ከዚያ ማዕዘን ነው የሚጀምረው። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን በድሪል ብሱ፤ ከዚያ ከሁለቱም ወገን እስከ ቀዳዳው ቁረጡ። ውስጡ ያለ ድካም ክብ ይሆናል።

“ፕላስቲክ ስለሆነ አይቆርጥም” ብሎ ጠርዙን መተው

ይህ ትልቁ ስህተት ነው። ከመጋዝ የወጣ ጠርዝ ሁለት ሹል መስመር አለው፣ አንዱ በፊት አንዱ በኋላ። ሲያርፍ ቆዳ ይልጣል። ብዙዎች በብርጭቆ ወረቀት ያሹትና አለቀ ይላሉ። ብርጭቆ ወረቀት ግን ይህን ፕላስቲክ ያጎፍረዋል እንጂ በደንብ አይበላውም። ሻካራ ሞረድ ይሻላል፤ ከዚያም የቢላ ስለት ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ፋቁት። ቀጫጭን ጥቅልሎች እየተነሱ ይወጣሉ። ጥቅልል መውጣቱ በትክክል እየተፋቀ መሆኑን ያሳያል። ጠርዙ በሙሉ ግማሽ ክብ እስኪሆን ቀጥሉ።

ከጠርዙ በላይ ደግሞ የስለቱን ሁለት ጫፎች፣ የላዩንና የታቹን፣ ተጠንቀቁ። ጉልበቱ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ የሚያርፈው እዚያ ነው። እያንዳንዱን ጫፍ ቢያንስ በትልቅ ሳንቲም ልክ አዙሩት። ከዚያ ራሳችሁ ላይ ሞክሩት። የእግራችሁን አገዳ ፊት ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑት፣ ጎትቱትም። መስመር ካወጣ ገና ነው።

ከኋላ የሚወጣውን ሹል ለጀማሪ ክላስ ጨርሶ አትሥሩት። ድፍን የመዶሻ ጀርባ ይበቃል። ተማሪ ወደ ኋላ ሲያነሳ ሹሉ ወደ ራሱ ፊት ነው የሚዞረው።

ዛቢያውን ክብ ማድረግ

ራሱን ለብቻ ቆርጠው የፒቪሲ ቱቦ ላይ የሚሰኩት ብዙ ናቸው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። እኔ ግን ለክላስ አልመርጠውም። የእውነተኛ መጥረቢያ ዛቢያ ሞላላ የሆነበት ምክንያት አለ፤ እጅ ሳያይ ስለቱ ወዴት እንደዞረ ያውቃል። ክብ ቱቦ ይህን አይናገርም። ተማሪው ሲመታ መሣሪያው መዳፉ ውስጥ ትንሽ ይዞራል፤ ስለቱ ሳይሆን ጎኑ ያርፋል፤ እሱ ግን አይታወቀውም። ለወራት እንዲህ የለመደ እጅ በኋላ ብረቱን ሲይዝ አያምርበትም። ቱቦው በዚያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ፣ ወይም በክረምት መኪና ውስጥ አድሮ ይደርቃል፤ ሲሰበር ስንጥሩ አደገኛ ነው።

ራስና ዛቢያውን ከአንድ መክተፊያ በአንድ ላይ ቁረጡት። 13 ሚሊ ውፍረትና 3 ሳንቲ ተኩል ስፋት ያለው ዛቢያ በራሱ ጠፍጣፋ ስለሆነ እጅ አይስትም። ጠርዙን አዙሩት፤ መያዣው ላይ የአሮጌ ብስክሌት ካላማዳሪ ጠቅልሉና በናስትሮ እሰሩት። ከራሱ ሥር ያለውን አንገት ግን ለማሳመር ብላችሁ አታቅጥኑት። እዚያ ሲቀጥን ራሱ ይወዛወዛል።

የግድ ቱቦ ከሆነ ፊትና ኋላው ላይ ወፈር ያለ ገመድ በቁመቱ አስቀምጡና በላዩ ናስትሮ ጠቅልሉ፤ ሞላላ ይሆንላችኋል። ራሱን ደግሞ በሙጫ አታጣብቁ። ይህ ፕላስቲክ ተራ ሙጫ አይቀበልም፤ ዛሬ ቢይዝ ነገ በረራ ነው። ቱቦውን ሰንጥቃችሁ አስገቡት፣ ሁለቱንም ብሳችሁ በጠንካራ ገመድ እሰሩት። ብሎን አይሁን፤ የብሎኑ ራስም ዳዶውም የሰው ጣት ይመታል።

ክብደት መጨመር

የተሠራው ነገር ከሩብ ኪሎ ብዙም አያልፍም። ብረቱ ግን ብዙ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ በላይ ነው። ይህን ያየ ሰው እርሳስ ወይም ብረት ልክተትበት ይላል። አይሆንም። የቀለለው ለደኅንነት ነው። ክብደት የለመደ እጅ የሚፈልግ ተማሪ እውነተኛውን ይዞ ለብቻው፣ ሰው በሌለበት አሮጌ ጎማ ይምታ።

ከባድ እንዲመስል ጥቁር መምረጥም አያስፈልግም። መንገድ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ያየው ሰው፣ ፖሊስም ጭምር፣ እውነተኛ ነው ብሎ ይደነግጣል። ቀለም ልቀባው ብትሉ ደግሞ ይላጣል። መክተፊያው ራሱ ለሥጋ ቀይ፣ ለዓሣ ሰማያዊ፣ ለአትክልት አረንጓዴ እየሆነ ይሸጣል፤ ከእነዚህ አንዱን ግዙ። ስትጓዙም ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

ላባና ዶቃ ማንጠልጠልም ይቅር። ቶማሃውክ ለባለቤቶቹ ሕዝቦች የጦር መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ ከትምባሆ ማጨሻ ፒፓ ጋር አብሮ የሚሠራው በስምምነትና በሥርዓት ላይ የሚቀርብ የክብር ዕቃ ነበር። የልምምድ ዕቃ ላይ ጌጡን ማስመሰል አክብሮት የጎደለው ነው።

ከሠሩ በኋላ መርሳት

ሁለት ፕላስቲክ ሲጋጭ ጠርዙ ላይ ትናንሽ እሾሆች ይነሳሉ። በዓይን አይታዩም ማለት ይቻላል፤ ክንድ ላይ ሲጎተቱ ግን ይቧጭራሉ። ከእያንዳንዱ ክላስ በፊት አንድ ሰው ሁሉንም በመዳፉ ይዳስስ፤ የሻከረውን በቢላ ይፋቅ። ከመንጠቆው ውስጥና ከአንገቱ ነጭ መስመር የታየበት እዚያው ይለይ፣ ወደ ቦርሳው አይመለስ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲለማመዱ የዓይን መከላከያ ይኑር፤ ፍጥነት ሲጨመር የፊት ጭምብልና ወፍራም ጓንት። የጣት አንጓ ፕላስቲክም ይሰብረዋል። ለውርወራም አትስጧቸው፤ እንጨት ላይ አይተከልም፣ ነጥሮ ወደ ወርዋሪው ይመለሳል።