ኤሲው ውሃውን ወደ ቤት ውስጥ ሲያፈስ

ባሕር ዳር ላይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ኤሲ ሥራ ይበዛበታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ አየሩ ስለሚረጥብ ማሽኑ ከአየሩ የሚለየው ውሃ ይጨምራል። ያ ውሃ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ መውረድ አለበት። ኤሲው እየሠራ የቱቦው ጫፍ ውጭ ደረቅ ከሆነ፣ ግድግዳው ግን ውሃ ከወረደበትና ሽታ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ተደፍኗል።

ክዳኑን ሲከፍቱ በረዶ ካዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማጣሪያው ቆሽሿል ወይም ጋዙ ቀንሷል። ማጣሪያውን ይጠቡ፤ በረዶው ከተመለሰ ባለሙያ ይጥሩ።

ቱቦውን የሚደፍነው አቧራ ከእርጥበት ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው የሚያዳልጥ ዝቃጭ ነው። አንዳንዴም ተርብ የቱቦውን አፍ በጭቃ ትመርገዋለች።

ከመንካትዎ በፊት ብሬከሩን ያጥፉ፤ በሪሞት ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ውሃው ሶኬት ከነካ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይተዉት።

ሥራው ከውጭ ይጀመራል። ጓንት አድርገው ጫፉ ላይ ያለውን ዝቃጭ ያውጡ። ከዚያ ውሃ መሳብ የሚችል የመኪና እጥበት ቤት ዓይነት መምጠጫ ማሽን ጫፉ ላይ ያድርጉ፣ ዙሪያውን በጨርቅ አጥብቀው ይያዙና ማሽኑ ለአንድ ሁለት ደቂቃ እንዲስብ ያድርጉ። ደረቅ አቧራ ብቻ የሚስበውን ማሽን ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ውሃ ከገባው ኤሌክትሪክ ሊይዝዎ ይችላል። ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር አምጥቶ መንፋትንም አጥብቄ እቃወማለሁ። ግፊቱ ግድግዳ ውስጥ ያለውን መጋጠሚያ ሊያላቅቀው ይችላል፤ ያኔ ውሃው ማንም ሳያየው ግድግዳውን ያበሰብሳል። ሽቦም ቱቦውን ይበሳል።

የቀረውን ዝቃጭ ለማላቀቅ ብሬከሩ እንደጠፋ ግማሽ ኩባያ ነጭ ኮምጣጤ ከኤሌክትሪክ ክፍሉ አርቀው ኤሲው ውስጥ ውሃው ወደ ቱቦው ከመውረዱ በፊት የሚጠራቀምበት መቀበያ ላይ ቀስ ብለው ያፍስሱ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በንጹሕ ውሃ ያጥቡት። በረኪና ግን አይጨምሩበት። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ የባሰ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሊትር ያህል ውሃ በዝግታ ያፍስሱ፣ ሌላ ሰው ውጭ ሆኖ ይመልከት። ውሃው እየተቆራረጠ ከወጣ ቱቦው የሆነ ቦታ ላይ ሽቅብ ታጥፎ ይሆናል፤ እስከ ጫፉ ድረስ ቁልቁል መሄድ አለበት። ውሃው እንዳይባክን ጫፉን ጀሪካን ውስጥ የሚከቱ ብዙዎች ናቸው፤ መልካም ነው፣ ነገር ግን ጫፉ ውሃው ውስጥ ከጠለቀ አየር ስለማያገኝ ፍሰቱ ይታፈናል። ከውሃው በላይ ይንጠልጠል።

ጫፉ ፎቅ ላይ ከሆነ መሰላል ላይ ቆመው ማሽን አይያዙ፤ ባለሙያ ያስጠሩ።