እምቢ ማለትን በካርቶን መነጽር ማለማመድ

የ15 ዓመት ልጅ የስደትን አደጋ አያውቅም ብላችሁ አታስቡ። ያውቃል። ደሴ ፒያሳ ላይ ያገኛችሁትን ጎረምሳ ስለ ስደት ብትጠይቁት፣ በአፋር አቋርጦ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ እያለ መንገዱን የት ላይ ምን እንደሚያጋጥም ጭምር ይዘረዝርላችኋል። ችግሩ ሌላ ነው። ጓደኞቹ ባሉበት "ፈራህ እንዴ?" ሲባል ፊቱ ይግላል፣ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ አፉም ሳያስብ "እሺ" ይላል። የኛ ምክር እዚያች ደቂቃ ላይ አይደርስለትም። ስለዚህ መለማመድ ያለበት ያችኑ ደቂቃ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የቪአር መነጽር፣ ማለትም ስልክ ተገጥሞበት ሌላ ቦታ ያለን የሚያስመስል መነጽር፣ ይረዳል።

በ2005 እ.ኤ.አ. ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ አሜሪካ ውስጥ ሰዎችን በኮምፒውተር መኪና እያስነዱ ፈትነው ነበር። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ልጆች እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ብቻቸውን ከሆኑበት ጊዜ በጣም የበለጠ አደጋ ውስጥ ገቡ። 24 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ላይ ግን የጓደኛ መኖር ይህን ያህል ለውጥ አላመጣም። ከዚህ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፦ ልምምዱን ልጁን ለብቻው ክፍል አስገብታችሁ አታድርጉት። ጓደኞቹ ይኑሩ፣ ይመልከቱት፣ ይሳቁም። እውነተኛው ፈተና የሚመጣው እነሱ ባሉበት ነውና።

ዕቃው ውድ መሆን የለበትም። ጉግል በ2014 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የካርቶን መነጽር ይበቃል። ራሱ ጉግል በ2021 መሸጥ ቢያቆምም ንድፉ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ በጠንካራ ካርቶን ቆርጦ መሥራት ይቻላል። ለመጀመሪያው ንድፍ 25 ሚሊ ሜትር ስፋትና 45 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት ያላቸው ሁለት ሌንሶች ያስፈልጋሉ። ስልኩ ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ፣ ብዙ ርካሽ ስልኮች ጋይሮስኮፕ (የስልኩን መዞር የሚለየው ክፍል) የላቸውም። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ የ360 ዲግሪ ቪዲዮ፣ ማለትም ዙሪያውን ሁሉ የሚያሳይ፣ ዩቲዩብ ላይ ክፈቱና ስልኩን ይዛችሁ ዙሩ። ምስሉ አብሯችሁ ካልዞረ ያ ስልክ አይሆንም። መብራት ሊጠፋ ይችላልና ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉት፣ ቪዲዮውንም ከቀኑ በፊት አውርዱት። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ደግሞ ስልኩ በሙቀት ቶሎ ስለሚግል በየመሀሉ አሳርፉት።

የመጀመሪያው ቀን ስለ ደላላም ስለ ጫትም አታንሱ። በከፍታ ጀምሩ። ጦሳ ተራራ ላይ ወጥታችሁ ደሴን ቁልቁል የሚያሳይ የ360 ቪዲዮ ቅረጹ። ካሜራው ከሌላችሁ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆችን ጠይቁ፣ እሱም ካልተገኘ ዩቲዩብ ላይ የገደል ቪዲዮ ሞልቷል። ከፍታን የመረጥኩት ማንም የማያፍርበት ፍርሃት ስለሆነ ነው። ደግሞም መንገዱ የተፈተነ ነው፤ ባርባራ ሮትባምና ባልደረቦቿ በ1995 እ.ኤ.አ. ከፍታ የሚፈሩ ተማሪዎችን በቪአር አለማምደው ፍርሃታቸው ሲቀንስ አይተዋል።

ልጁ ይቀመጥ። ይህን አጥብቄ የምለው አንዴ ቆሞ እንዲያይ የፈቀድኩለት ልጅ ጉልበቱ ከድቶት በጀርባው ሊወድቅ ሲል በእጄ ስለያዝኩት ነው። መነጽሩን ከማጥለቁ በፊት የደም ሥሩን ምት ለ30 ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ያባዛ። ከዚያ ገደሉን ይይ። ልቡ መምታት ሲጀምር በአፍንጫው እስከ 4 እየቆጠረ አየር ይሳብ፣ በአፉ እስከ 6 እየቆጠረ ያስወጣ። ሚስጥሩ ማስወጣቱን ማርዘም ላይ ነው፤ አየር ስናስወጣ የልብ ምት ይቀንሳል። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። መነጽሩን ሲያወልቅ ምቱን እንደገና ይቁጠር። ቁጥሩ ወርዶ ሲያገኘው ፊቱ ላይ የምታዩትን እኔ ልገልጸው አልችልም። የገዛ ልቡን ማዘዝ እንደሚችል ገና ማወቁ ነዋ።

ዋናው ትዕይንት በሁለተኛው ሳምንት ይምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተዋናይ ቀርጾ፣ ቪዲዮ አቀናብሮ ይደክማል። እኔ ያን ትቼዋለሁ። የባጃጅ ተራን ወይም ልጆቹ የሚሰበሰቡበትን ማዕዘን የሚያሳይ አንድ የ360 ፎቶ ብቻ አነሳለሁ፤ ካሜራውን ከመሬት አንድ ሜትር ከሃያ ያህል ከፍ አድርጌ፣ ማለትም የተቀመጠ ሰው ዓይን ጋ። ድምፁን ከጀርባ የሚሰጠው በአካል ያለ ጓደኛው ነው። ከልጆቹ መሀል አፈ ቅቤ የሆነውን ምረጡና ደላላ አድርጉት። ምን እንደሚል መጻፍ አያስፈልጋችሁም፣ ያውቀዋል፦ "አብሽር ወንድሜ! እዚህ አምስት ሳንቲም አትከፍልም። ደርሰህ፣ ሠርተህ ነው የምትከፍለው። እከሌ ቤት አልሠራም እንዴ?" ሌሎቹ ደግሞ ከጎን "አይ እሱ ይፈራል" እያሉ ያሟሙቁት።

ይህቺን "አብሽር" ልብ በሏት። ወሎ ውስጥ ሀዘንተኛ የምናጽናናባት፣ የከፋውን ልጅ የምናባብልባት ቃል ናት። ደላላውም ለዚህ ነው የሚመርጣት። ልጁ ጆሮው ላይ ስትመጣ ልቡ ላላ እንደሚል በልምምዱ ካወቀ፣ በእውነተኛው ቀን ቃሏ ራሷ ደወል ትሆንለታለች።

የልጁ ሥራ ድምፁን አውጥቶ መመለስ ነው። በልቡ ማሰብ አይቆጠርም። መልሱ አጭር ይሁን፦ "አልሄድም።" ሲጨቀጭቁት ያንኑ ይድገመው። ምክንያት መደርደር ከጀመረ ተሸነፈ፣ ለእያንዳንዱ ምክንያት ደላላው መልስ አለው። ካልሆነለት "እናቴን ሳላማክር አልወስንም" ይበል፣ ይህም እምቢ ማለት ነው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ተነስቶ ሁለት እርምጃ ይራመድ። ተቀምጦ እምቢ ያለ ሰው አሥር ደቂቃ ቆይቶ እሺ ይላል፤ እግሩም መልመድ አለበት።

መነጽሩ ሦስት ደቂቃ፣ ወሬው ግማሽ ሰዓት። ቡና ይፈላ። አቦል ላይ ስለ ሰውነት ብቻ አውሩ። "ምን ተሰማህ?" ብትሉት "ምንም" ይላችኋል፣ ጎረምሳ ነዋ። "የትህ ላይ ተሰማህ?" በሉት። ያኔ ይመጣል፦ ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ ደረቴ ጠበበኝ፣ ደሜ ፈላ፣ እጄን አላበኝ። አማርኛችን ለስሜት ያለው ቃል አብዛኛው ከአካል ጋር የተያያዘ መሆኑ እዚህ ላይ ትልቅ ጉልበት ነው። ከዜሮ እስከ 10 ቁጥር ይስጠውና በደብተር ይጻፍ፣ በየሳምንቱ ያወዳድረዋል። ቶና ላይ ጓደኞቹ ያዩትን ይናገሩ፦ የቱ ጋ ድምፁ ተንቀጠቀጠ? የቱ ጋ "እሺ" ሊል ደረሰ? በረካ ላይ እያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ "እንዲህ ካሉኝ፣ እንዲህ አደርጋለሁ።" ሌላ ምክር አትጨምሩበት።

የሴቶቹን ትዕይንት ራሳቸው ሴቶቹ ይጻፉት። እኔ ስለ አረብ አገር ጉዞ ይሆናል ብዬ ነበር፤ እነሱ ግን ያመጡት ቴሌግራም ላይ "ፎቶሽን ካልላክሽልኝ አትወጂኝም ማለት ነው" የሚለውን ልጅ ነው። ወንዶቹ በሌሉበት ተለማመዱት ካሏችሁ እሺ በሏቸው።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ እነዚህ ልጆች ትንንሾች ነበሩ፣ ያዩትን አይተዋል። ተኩስ፣ ፍንዳታ፣ የሚሮጥ ሕዝብ ያለበት ቪዲዮ በፍጹም አታሳዩ። አንዴ ምንም አይልም ብዬ የከፈትኩት የርችት ቪዲዮ አንዲት ልጅን አስለቅሷታል፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። የጦርነት ሕመም በሰለጠነ ባለሙያ እንጂ በካርቶን መነጽር አይነካም። ልጁ ሲባንን ወይም እንቅልፍ ሲያጣ ካያችሁ ልምምዱን አቁሙና ከቤተሰቡ ጋር ሆናችሁ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መነጽሩን አያጥልቅ። ዓይን የሚያየውና የውስጥ ጆሮ የሚሰማው እንቅስቃሴ ሳይገጥም ሲቀር ያጥወለውላል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ወዲያው ያውልቀው፣ "ቻል አድርገው" አትበሉት። ዓይኑን ያመመው ልጅ ካለ ተራው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ፣ ለሌሎቹም ፊት የሚነካውን ቦታ ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ በአልኮል ጥረጉት። ከሁሉ በፊት ግን ወላጆችን አስፈቅዱ፣ መነጽሩን ራሳቸውም አጥልቀው ይዩት።

በአራተኛው ሳምንት መነጽሩን ቤት ተዉት። ልጆቹን ይዛችሁ ፎቶው ወደተነሳበት ባጃጅ ተራ ውረዱ፣ ደላላ የነበረው ልጅ ያንኑ ወሬ እዚያው ያውራ፣ ሌላውም "አልሄድም" ብሎ ቆርጦ ይሂድ። መንገደኛው ዞር ብሎ ያያችኋል፣ ልጁም ያፍራል። እያፈረም ቢሆን ይጨርሰው።