የሰፈር ፓርክ ላይ የተተከለ ችግኝ እንዲጸድቅ

ሐምሌ ላይ ችግኝ መትከል ቀላል ነው፤ ዝናቡ ያግዛል፣ ሰውም ይወጣል። ችግኙ የሚሞተው ጥርና የካቲት ላይ፣ ሁሉም በረሳው ሰዓት ነው። ስለዚህ ዶማ ከመነሳቱ በፊት ውኃ የሚያጠጣው ሰው ይታወቅ። ሰፈሩ ዕድር ካለው በወሩ ስብሰባ አንሱትና እያንዳንዱን ችግኝ በአንድ ቤተሰብ ስም አስመዝግቡ። «የሁላችን» የተባለ ችግኝ ጠያቂ የለውም። ወረዳውን ስታስፈቅዱ የውኃና የመብራት መስመር በየት እንደሚያልፍም ጠይቁ።

ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍሩ፤ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 40 ስፋት። የላዩን አፈር ከታችኛው ለይታችሁ ከምሩ፤ ሲተከል የላዩ መጀመሪያ ይገባል። ለዋንዛና ለዝግባ በመሃል ቢያንስ 5 ሜትር ተዉ።

መሬቱ ሲርስ፣ ችግኙን አፈሩ እንዳይበተን ከነፕላስቲኩ ውኃ አጠጡ። ከዚያ ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቃችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በጥድፊያ ከነፕላስቲኩ ይቀብረዋል፣ ወይም ቂጡን ብቻ ቆርጦ ያስገባዋል። ሥሩ መውጫ አጥቶ ይጠማዘዛል፤ ችግኙ ክረምቱን ለምልሞ ይከርምና በጋ ላይ ቀጥ ብሎ ይደርቃል። ከታች የተጠቀለለ ሥር ካለ ቁረጡት። ግንዱ ፕላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ልክ በላይ አይቀበር። አፈሩን በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጉና አንድ ቅጠል ይዛችሁ ሳብ አድርጉ፤ ችግኙ ከተነቃነቀ አልጠበቀም።

እንደ ቦሌና አቃቂ ባለ ኮትቻ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ላይ ጉድጓዱ ውኃ ቋጥሮ ሥሩን ያበሰብሳል። እዚያ ጉብታ ሠርታችሁ ትከሉ።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ በሳምንት 10 ሊትር፣ ማለትም አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሁለት ችግኝ፣ ጠዋት ወይም ማታ ይበቃል። በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ላዩን ብቻ ያርሳል፤ ሥሩም ወደ ታች አይሄድም። ቤተሰቡ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ከሆነ የባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ክዳን በመርፌ ይበሳ፣ ቂጡ ይቆረጥ፣ ተዘቅዝቆ ከችግኙ አጠገብ ይቀበርና ውኃ ይሞላ። ዙሪያውን ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ፤ ግንዱን ግን አይንካ፣ ምስጥ ይጠራል።

አጥሩን አትዘንጉ። ከልጆች ኳስ ይልቅ የሚያሰጋው ለገና ተገዝቶ ፓርኩ ውስጥ የሚታሰረው በግ ነው፤ አንድ ጠዋት ይበቃዋል። አጥሩ ሁለት ክረምት ይቆይ።