ድመቷ፣ እርጥቡ ኮንክሪትና በጅምር ላይ የነበረው ሹራብ

አዳማ በሚገኘው ቤታችን ጓሮ ሰርቪስ ክፍል እያሠራን ሳለ፣ ድመታችን የተቆለለውን አሸዋ መጸዳጃዋ አድርጋው ሰነበተች። ወለሉ በተሞላበት ዕለት ግን እርጥቡን ኮንክሪት ረግጣ ገባችና በጅምር ላይ በነበረው የሱፍ ሹራቤ ላይ ተኛች።

እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ የሚያቃጥል ጠንካራ አልካሊ በመሆኑና ብትልሰውም አፏን ስለሚጎዳት፣ ከሹራቡ በፊት መዳፎቿን፣ በተለይም በጣቶቿ መካከል የተሰገሰገውን፣ ለብ ባለ ውኃ ደጋግሜ አጠብሁ፤ እጄን መቧጨሯ አልቀረም። አልካሊ ሱፍንም ስለሚያበላሽ፣ ሹራቡን በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቄ በመጨረሻው ውኃ ላይ ጥቂት ነጭ ኮምጣጤ ጨመርሁ፤ ሳልጠመዝዝም በፎጣ ጠቅልዬ ውኃውን ካስመጠጥሁ በኋላ ጥላ ውስጥ ዘርግቼ አደረቅሁት። ሲሚንቶ የደረቀባቸውን ሁለት ረድፎች ብቻ ተርትሬ እንደገና ሠራኋቸው።

የችግሩ ሥር ግን አሸዋው ነበር። ክምሩን በሸራ ሸፍነን፣ የአዳማ ነፋስ እንዳይገልጠው ጠርዙ ላይ ብሎኬት ደረደርን፤ አንድ አሮጌ ሳፋም አሸዋ ሞልቼ ከግንባታው ራቅ ባለ ጥግ አኖርሁላት። ሁለት ቀን ሙሉ ሳፋውን ናቀችው፤ ሽታዋ ካለበት ከክምሩ ጥቂት አሸዋ ወስጄ ስበትንበት ግን ተቀበለችው። በወለሉ ላይ የቀሩትን የመዳፍ አሻራዎች ግንበኛው ሊደፍናቸው ቢልም፣ እንዲተዋቸው ነገርሁት።