መሥሪያ ቤትን ለአካባቢ ተስማሚ ማድረግ፦ ሰው በሌለበት ሰዓት ከሚባክነው ጀምሩ

ብዙ መሥሪያ ቤቶች ነገሩን የሚጀምሩት «መብራት ማጥፋት አይርሱ» የሚል ወረቀት በየግድግዳው በመለጠፍ ነው። ሳምንት ሳይሞላው ዓይን ይለምደዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያነበዋል? እኔ ብጠየቅ ማንም በሌለበት ሰዓት ከሚባክነው ጀምሩ እላለሁ። እሱን ለማስተካከል ማንንም መጨቅጨቅ አያስፈልግም።

1. ቆጣሪውን ሁለቴ አንብቡ

ሠራተኛው ለሳምንቱ ዕረፍት ሲወጣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱት። ዕረፍቱ አልቆ ሰው ከመግባቱ በፊት ደግማችሁ አንሱ። ልዩነቱ ባዶው ቢሮ የበላው ነው። ሰርቨርና ፍሪጅ መሥራታቸው ግድ ነው። የቀረው ግን ከየት እንደመጣ መጠየቅ አለበት።

2. ማምሻውን ዞር ዞር በሉ

የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞችን ይዛችሁ ዙሩ። ምን ሳይጠፋ እንደሚያድር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከነስክሪኑ 100 ዋት የሚወስድ ኮምፒዩተር ለ14 ሰዓት ሳይጠፋ ቢያድር 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። እንዲህ ያሉ 20 ካሉ በአንድ ሌሊት 28 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ያገኛችሁትን ሁሉ ከነቦታው ጻፉ።

3. ሰውን ሳይሆን ሴቲንጉን ቀይሩ

ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፤ ደግሞ ወጪ የለውም። የአይቲ ባለሙያው ኮምፒዩተሮቹ ለ15 ደቂቃ ካልተነኩ ራሳቸው ስሊፕ (ጥቂት ኃይል ብቻ የሚወስዱበት እንቅልፍ) እንዲገቡ ያድርግ። ስክሪን ሴቨር ቆጣቢ የሚመስላቸው አሉ፤ ስክሪኑ እስከበራ ድረስ ግን ኃይል መውሰዱን አያቆምም።

ፕሪንተሩም ማንም ሳያዘው በሁለቱም ገጽ እንዲያትም ይስተካከል። በአንድ ገጽ ማተም የፈለገ ሰው እሱ ይልፋ። የሚቻል ከሆነ ባለቤቱ ማሽኑ ጋ ቀርቦ ኮድ ሲያስገባ ብቻ ወረቀቱ ይውጣ። ታትሞ ወሳጅ ያጣ የወረቀት ክምር የሌለበት ቢሮ መቼም ብርቅ ነው።

4. መብራት

9 ዋት ገደማ የሚወስድ ኤልኢዲ የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፖል ይተካል። መጸዳጃ ቤትና መጋዘን ላይ እንቅስቃሴ የሚለይ ሴንሰር አድርጉ። የምታወጧቸውን የፍሎረሰንት ዘንጎች ግን እንዳትሰብሯቸው፤ ውስጣቸው ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ነገር አለ።

5. ኤሲ

የሙቀት መጠኑ ነገር ሁሌም ያጣላል። ቢሮው በጋራ ይወስን፤ 24 ወይም 25 ዲግሪ ብዙዎችን ያስማማል። ማጣሪያውን በየጊዜው አጽዱ፤ በአቧራ ከተደፈነ ማሽኑ ለዚያው ቅዝቃዜ የበለጠ ይለፋል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ጋዙን ነው። አር-410ኤ የሚባለው የተለመደ የማቀዝቀዣ ጋዝ ከመቶ ዓመት አንጻር ሲለካ፣ አየር ላይ ከተለቀቀ ኪሎ በኪሎ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,000 ጊዜ ገደማ አብልጦ ምድርን ያሞቃል። ስለዚህ ቴክኒሻኑ «ጋዝ ጎድሏል፣ ልሙላ» ካለ መጀመሪያ የሚያፈስበትን ቦታ ፈልጎ እንዲደፍን ጠይቁት። ጋዝ ዝም ብሎ አያልቅም።

6. ውኃ

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይታያል፤ የሽንት ቤት ታንከር ግን በዝምታ ያፈስሳል። ታንከሩ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሩና ውኃ ሳትለቁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ጎሚኒው ይቀየር።

7. ግዢ ላይ አትቸኩሉ

አንዳንዱ ቢሮ አረንጓዴ እሆናለሁ ብሎ ደህናውን ዕቃ ጥሎ አዲስ ይገዛል። የተገላቢጦሽ! አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ከሚያስከትለው ብክለት አብዛኛው የሚመጣው ገና ሲመረት ነው። ባትሪና ሚሞሪ ቀይሮ ሁለት ሦስት ዓመት ማስቆየት አዲስ «ቆጣቢ» ማሽን ከመግዛት ብዙ ጊዜ ይሻላል። የተገዛውንም የላስቲክ ኩባያ ጨርሱት፤ ሲያልቅ አትድገሙት።

8. ቆሻሻ

ባለ ቀለም ቅርጫቶች ከመደርደራችሁ በፊት ቆሻሻ የሚወስደውን ድርጅት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የተለየውን ለይቶ ይወስዳል ወይስ መኪናው ላይ መልሶ ይቀላቅለዋል? የሚቀላቅል ከሆነ ለወረቀቱና ለካርቶኑ ሌላ ተቀባይ ፈልጉ። ያረጀ ኮምፒዩተርና ባትሪ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣል፤ እሳት የሚያስነሳ ባትሪ አለ፣ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ያለበት ዕቃም አለ። ኮምፒዩተሮቹን ለጥገና ወይም ለሪሳይክል ስትሰጡ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን መረጃ አስቀድማችሁ በባለሙያ አስጠፉ።