ስኮላርሺፕና የፖለቲካ ማጣሪያ፦ አመልካቾች የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ይሄ የአምባገነን አገር ነገር ነው» ማለት። ስኮላርሺፕ ሲሰጥ የአመልካቹን ፖለቲካ የሚያይ የታማኝነት ማጣሪያ ሲባል እኛ ቶሎ ትዝ የሚለን ደርግና ሞስኮ ነው። ግን ፉልብራይት የሚባለውን ስኮላርሺፕ እዩ። አሜሪካ በፈረንጆቹ 1946 የጀመረችው ነው። ተመራጮችን የሚያጸድቀው ፕሬዚዳንቱ የሚሾመው 12 አባላት ያሉት ቦርድ ነው። በፈረንጆቹ ሰኔ 2025 አባላቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ ለቀቁ። «መንግሥት እኛ የመረጥናቸውን ብዙ ሰዎች ከለከለ፣ ሌሎች 1,200 ያህል የውጭ አገር ተመራጮችንም ሕግ የማይፈቅደው ምርመራ ውስጥ አስገባ» አሉ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ክሱን አልተቀበለም።

«የእኔ ሙያ ፖለቲካ አይነካውም» ብሎ መዘናጋት። ቦርዱ ተከለከሉ ካላቸው ጥናቶች ውስጥ የሰብል ሳይንስ፣ ሕክምናና ሙዚቃ ሁሉ አለ። ስንዴ የሚያጠና ሰው በምን ይጠረጠራል? ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ደንግጦ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾችን ሁሉ ማጥፋት። ከሰኔ 2025 ወዲህ የአሜሪካ የተማሪና የልውውጥ ቪዛ ጠያቂዎች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ። የቪዛ ፎርሙም ባለፉት 5 ዓመታት የተጠቀማችሁባቸውን ገጾች ይጠይቃል። ያላችሁን ሁሉ በሐቅ ሙሉ። ከድሮ ፖስት ይልቅ የተደበቀ አካውንት ነው ጣጣ የሚያመጣው።

ሳያነቡ መፈረም። የቻይና መንግሥት የስኮላርሺፕ ካውንስል ውጭ የሚልካቸውን ተማሪዎች የታማኝነት ውል ያስፈርማል፣ ዋስም ያስጠራል፤ ውሉን ያፈረሰ እንደሆነ ዕዳው ለዋሱም ይተርፋል። ብዙ ጊዜ ዋሱ ቤተሰብ ነው። በ2023 የጀርመኑ ኤርላንገን-ኑረምበርግ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ስኮላርሺፕ ብቻ የሚመጡትን አልቀበልም አለ። የዩኒቨርሲቲው የስለላ ስጋት ይገባኛል። ግን ልጁ ሁለት ጊዜ ተቀጣ። አገሩ ታማኝነት አስፈረመው፤ የሄደበት አገር ደግሞ ስለፈረመ በር ዘጋበት። እናንተም ውል ሲሰጣችሁ ስለ መመለስ፣ ስለ ዋስና ስለ ንግግር የሚሉትን አንቀጾች ለይታችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

የደኅንነት ማጣሪያንና የአመለካከት ማጣሪያን አንድ ማድረግ። የወንጀል መዝገብ ማየት ሌላ፣ ማንን እንደምትደግፉ መጠየቅ ሌላ። ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለተኛው ከመጣ በትሕትና ወደ ጥናታችሁ መልሱት።

በመጨረሻ፣ እምቢ ስትባሉ ብቃታችሁን መጠራጠር። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልስ አይመጣም፤ ቢሆንም ጠይቁ። ማመልከቻችሁንም ለአንድ አገር ብቻ አታስቀምጡት፤ የጃፓኑም የጀርመኑም በየዓመቱ ይከፈታል።